የወረዳ መንገድና የጥገና ገንዘብ ሕግ (በጎበሳ ከተማ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሕግ ሲናገር መስማት የተለመደ አይደለም፤ እኔም ይህን መድረክ የተቀበልሁት ጥቂት አመንትቼ ነው። ሆኖም በሙያው በቈየሁባቸው ዓመታት ያየኋቸውን የተበላሹ መንገዶች ሁሉ ያፈረሳቸው ውኃ ቢሆንም፣ ለውኃው በሩን ከፍቶ የጠበቀው የበጀት ደንብ መሆኑን እየተረዳሁ መጣሁ። ስለ ውኃው ብቻ ተናግሬ ስለ በሩ ዝም ብል ግማሹን እውነት ሸሸግሁ ማለት ነው። (ውይይቱ በአብዛኛው የተካሄደው በኦሮምኛ ነበር፤ ለመጽሔቱ አንባቢዎች በአማርኛ ስጽፈው ከአፍ የወጣውን ሁሉ በዚያው ጣዕሙ ለማስፈር አልቻልሁም።)

ለክልሉ ምክር ቤት፣ ማለት ለጨፌ ኦሮሚያ፣ እንዲቀርብ የተዘጋጀው የጥያቄዎች ረቂቅ ጧት ሲነበብ ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው ተራ ተጨማሪ አስፋልት ተጠይቋል። ቀጥሎ አዳዲስ የቀበሌ መንገዶች ተዘርዝረዋል። «ጥገና» የሚለው ቃል የሚገኘው በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ «እንዲሁም» ከሚለው ቃል በኋላ ነው። እኔ የምለምናችሁ ይህን ቅደም ተከተል እንድትገለብጡት ነው። ልመናዬ ደስ እንደማያሰኝ አውቃለሁ። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፣ በሬ ይታረዳል፤ የተደፈነ ቦይ ሲጠረግ ግን ጭብጨባ የለም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በአገራችን ዘመናዊ የመንገድ አስተዳደር የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ሲቋቋም ነው። በዚያው ዓመት መግቢያ ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ የተገኘው 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር፣ ባንኩ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስሙ እንደሚያመለክተው የተቋቋመው ለአውራው ነው፤ አዲስ አበባን ከጠቅላይ ግዛቶችና ከወደብ የሚያገናኘው መንገድ መሐንዲስም ገንዘብም አገኘ። ጫጩቶቹ መንገዶች፣ ማለት ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከመንደር ወደ ወፍጮ የሚወስዱት፣ ለአካባቢው ሰውና ለአካባቢው ገዢ ተተዉ።

የአካባቢው አስተዳደር ግን በምን ገንዘብ? ይህ ጥያቄ በ1958 ዓ.ም. መልስ ሊያገኝ ተቃርቦ ነበር። በዚያ ዓመት በትእዛዝ ቁጥር 43 ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር እንዲሰጥ ተወሰነ፤ አውራጃው ምክር ቤት እንዲኖረው፣ በአካባቢው ሥራ ላይ እንዲመክር፣ መንገድን የመሳሰለውን ጉዳይ በቅርብ እንዲይዝ ታሰበ። ትእዛዙን በሥራ ላይ ለማዋል የሚያስፈልገውን የገንዘብ ሕግ ግን ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። በፓርላማው ውስጥ ብዙ የመሬት ባለቤቶች ስለ ነበሩ፣ በመሬት ላይ የሚጣለውን ግብር ለአካባቢ ምክር ቤት አሳልፎ መስጠት እንዳልጣማቸው ለመገመት አያዳግትም። ሥልጣን ተሰጠ፣ ኪስ አልተሰጠም። ይህን የማነሣው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም፤ ዛሬም ወረዳው ከዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለማየው ነው።

ስለ አርሲ በተለይ አንድ ነገር መታወስ ይገባዋል። ካዱ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ ሲቋቋም፣ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር መጋቢ መንገዶችንም በሥራው ውስጥ አስገብቶ ነበር። ሥራው ግን ስሙ እንደሚለው በጭላሎ አውራጃ የተወሰነ ነበር። የእኛ አገር፣ ከጋላማ ተራራ ወዲህ ያለው፣ በጢቾ አውራጃ ስለሚቈጠር ከድንበሩ ውጭ ሆነ። ድርጅቱ አርዱ ተብሎ መላውን አርሲ እንዲያካትት የተደረገው በ1968 ዓ.ም. ነው። በመንገድ ረገድ ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ቀድሞ መንገድ ያገኘ ገበያ ነጋዴውን ቀድሞ ይስባል፤ ነጋዴ የለመደው ገበያ ደግሞ የሚቀጥለውን መንገድ ይስባል። ከተራራው ወዲህና ወዲያ ያለው ልዩነት ከፊሉ የተፈጥሮ ሥራ ቢሆንም፣ ከፊሉ በካርታ ላይ የተሰመረ የአስተዳደር መስመር ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ በጭላሎ የሆነውን ሁሉ መመኘት የለብንም። ምርቱ ሲጨምርና ገበያው ሲቀርብ የመሬቱ ዋጋ ወጣ፤ ባለመሬቱም በትራክተር ማረስ አዋጭ መሆኑን ሲያይ ጭሰኛውን ማስለቀቅ ጀመረ። ድርጅቱ ሊረዳው የተቋቋመለት ገበሬ ከነቤተ ሰቡ የተነቀለበት ቦታ ብዙ ነበር። ይህ ግፍ በሕግ የተዘጋው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። መንገድ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ዛሬ ጭሰኛ የለም፤ ነገር ግን ለቀበሌ መንገድ ከማሳው ላይ ቈርሶ እንዲለቅ የሚጠየቅ ገበሬ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሣ እንዲከፈል ያዛል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161ም አፈጻጸሙን በዝርዝር ደንግጓል። «በፈቃዱ ሰጠ» የሚለው ቃል በቃለ ጉባኤ ላይ ሲጻፍ፣ ፈቃዱን የሰጠው ሰው በጎረቤቶቹ ፊት እምቢ ለማለት የሚችል ነበር ወይ ብላችሁ እንድትጠይቁ ለናንተ፣ በተለይም ለሽማግሌዎች፣ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። አሳቡ የተወሰደው በዚያ ዘመን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከተዘረጋው ተመሳሳይ ሥርዓት ነው፤ መንገድ የሚጠቀም ሰው በሚገዛው ነዳጅ ላይ ትንሽ ይከፍላል፣ የተሰበሰበውም ለጥገና ብቻ ይውላል። በነዳጅ ላይ ቀረጥ ጥሎ መንገድን መንከባከብ በዓለም ላይም አዲስ ነገር አይደለም፤ በአሜሪካ የኦሬጎን ክፍለ ግዛት በ1919 እ.ኤ.አ. በአንድ ጋሎን ላይ አንድ ሳንቲም ብላ ጀምራዋለች። የእኛ ፈንድ ትልቅ ቁም ነገር ያለው በአንድ በኩል ነው፤ ገንዘቡ ከጠቅላላው በጀት ተለይቶ የሚቀመጥ መሆኑ ነው። ጥገና ከደመወዝና ከአዲስ ግንባታ ጋር በአንድ ማዕድ ከተቀመጠ ሁልጊዜ የሚራበው እሱ ነውና።

ገንዘቡ ሲከፋፈል ግን ድርሻ ያላቸው የፌዴራሉ መንገዶች፣ የክልል መንገዶችና ከተሞች ሆኑ። ወረዳ በስሙ አልተጠራም። በ1989 ዓ.ም. ይህ ብዙ ጉዳት አልነበረውም፤ የአገሪቱ መንገድ በጠቅላላው 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ወረዳ የሚጠግነው ይህ ነው የሚባል መንገድ አልነበረውም። ነገሩ የተለወጠው በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስሄድ መንገድ ለማገናኘት የገጠር መንገድ ፕሮግራም ሲጀመር ነው። ዕቅዱ በአምስት ዓመት 71,523 ኪሎ ሜትር ነበር። በሙያችን ገና ጀማሪ የነበርን ብዙ ወጣቶች፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ሥራ ተቋራጭ ከሆኑ እኩዮቻችን ጋር፣ ዳምጠውና ግሬደር እየተዋስን በየደጋው የተሰማራነው ያን ጊዜ ነው። የአገሪቱ መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ መድረሱ ሲነገር ኰርተናል፤ ኩራቱም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ውስጥ የቀበሌው መንገድ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ጠጋኙ ማን እንደ ሆነ፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ በግልጽ የሚናገር ሕግ አልተከተለውም። መንገዱ ለወረዳ ተሰጠ። ወረዳውም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከክልሉ በጥቅል የሚደርሰውን ድጎማ ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያውና ለግብርና ሠራተኛው ደመወዝ ከከፈለ በኋላ ለጠጠር የሚተርፈው ጥቂት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

የጠጠር መንገድ ምን እንደሚፈልግ በቁጥር ላሳያችሁ። ጠጠር በጎማ እየተፈጨ በአቧራ፣ በዝናብ እየታጠበ በጭቃ ይሄዳል። እንደ ዝናቡና እንደ መኪናው ብዛት ቢለያይም፣ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢያጣ የሚያስገርም አይደለም። ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ መንገድ በዓመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢያጣ፣ የጠፋው ጠጠር 1,250 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና 78 ምልልስ ይሆናል። ይህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቀበሌ መንገድ ላይ፣ ማንም ሳያየው የሚጠፋ ሀብት ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ የተነጠፈ ጠጠር በስድስት ዓመት ውስጥ አልቆ ጎማው ከታች ካለው ዋልካ ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ገና መሥራት ነው።

ታዲያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጠጠሩ አይደለም፤ ቦዩ ነው። የመንገዱ ጀርባ እንደ በሬ ጀርባ ከመሐል ከፍ ብሎ ውኃውን ወደ ጐን ካላፈሰሰ፣ ቦዩም የተቀበለውን ይዞ ወደ ቱቦው ካላደረሰ፣ 78 መኪና ጠጠር ብታፈሱበት በሁለት ክረምት ይሄዳል። ቦይ መጥረግ ደግሞ ዶማና አካፋ፣ ደቦና ሁለት የበጋ ቀን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ደቦ እዚህ አገር በደንብ ይታወቃል። ነገር ግን በደቦ የሚሠራውንና በደቦ የማይሠራውን መለየት ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ወረዳ አስተዳደሩ ገንዘብ ያጣበትን ሥራ ሁሉ «የሕዝብ ተሳትፎ» ብሎ ለገበሬው ያሸክማል። ገበሬ ቦይ ይጠርጋል። የፈረሰ ቱቦ መቅበርና የተሸረሸረ ድልድይ ማቆም ግን የሲሚንቶ፣ የብረትና የባለሙያ ሥራ ነው።

ቱቦን ካነሣሁ ስለ ራሴ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሙያው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ ከዚህ ርቆ በሚገኝ ደጋ፣ የአንድ ቀበሌ መንገድ ርክክብ ላይ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። በንድፉ ላይ ከአንድ ገደል አፍ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ታዝዞ ነበር። በዚያ ሰሞን በአካባቢው የተገኘው 60 ብቻ ስለ ነበረ 60 ተቀበረ። ሰኔ 30 ቀርቦ ነበር። በጀቱ እስከዚያ ቀን ካልተከፈለ ተመላሽ ስለሚሆን ሁሉም ተጣድፏል። «ለጊዜው ይሁን፣ በሚመጣው ዓመት ይለወጣል» ተባለ፤ እኔም ፈረምሁ። ለሙያ ባልደረቦቼ የሚታወቀውን ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ፤ ከ60 ወደ 90 ሲኬድ ስፋቱ በግማሽ ብቻ የጨመረ ይመስላል፣ የሚያሳልፈው ውኃ ግን ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ሳላውቅ ብፈርም ኖሮ ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በሚመጣው ዓመት የተባለው በጀት አልመጣም። በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ውኃው ቱቦውን ሞልቶ በላዩ ላይ ሄደና መንገዱን ለሁለት ቈረጠው። አይሱዙዎች ከወዲያ ማዶ ቀሩ፤ በጎተራ የነበረ ገብስ ዋጋው ወደቀ። ይህን ሁሉ በስልክ ሰምቼ በደብዳቤ አሳወቅሁ። የቀረውን የሰማሁት በጥቅምት በቦታው ስደርስ ነው። ምጥ የጠናባትን አንዲት ሴት አምቡላንሱ ከገደሉ ማዶ ቆሞ ሲጠብቅ፣ የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ መሻገሪያ ፍለጋ ወደ ላይ ዞረው፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ አድርሰዋታል። እሷ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም። የነገሩኝ ሽማግሌ አልተቈጡኝም፤ «ልጄ፣ ያ ቱቦ ሲቀበር እኛም ጠባብ ነው ብለን ነበር» ብቻ አሉኝ። ሰው ሲጠይቃቸው አልነበረም እንጂ፣ የዚያን ገደል ውኃ ከማናችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ ሰኔ 30ን እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ሕግ ጉዳይ እንድትመለከቱት እሻለሁ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ በደጋው ዝናብ የሚበረታበት፣ ግሬደር ከማደሪያው የማይወጣበት ወር ነው። ገንዘቡ ተፈቅዶ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ውል ተፈርሞ ሥራ እስኪጀመር ብዙ ጊዜ የካቲት ወይም መጋቢት ይገባል፤ በልግ የሚዘንብበት ቦታ ደግሞ ያኔ እንደ ገና ይጨቀያል። የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ ያልተከፈለውም ይመለሳል። ለጥገና ዋናው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ሲሆን፣ በእነዚያ ወራት ገንዘቡ በወረቀት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ለመሥራት ይህ ደንብ ያውካል እንጂ አይገድልም። መንገድን ግን ይገድላል።

እንግዲህ ከጨፌው የምንጠይቀው ምንድር ነው? በእኔ አስተያየት ከአስፋልቱ በፊት አንድ ሕግ ነው። የወረዳ መንገድ ጥገና ገንዘብ በተለየ ሒሳብ የሚቀመጥበት፣ ሰኔ 30 ሲደርስ ተመላሽ የማይሆንበት፣ ለሌላ ጉዳይ እንዳይዛወርም የሚከለከልበት ሕግ። ይህ ቢገኝ ያለን ጥቂት ገንዘብ እንኳ በጥቅምት ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። ሁለተኛው ከክልሉ የመንገድ ፈንድ ድርሻ ውስጥ ለወረዳ መንገዶች የታወቀ እጅ እንዲወሰን ነው። እጁ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ለጨፌው መተው ይሻላል፤ ዛሬ ከእኛ መቶኛ ቢወጣ ነገ የሚከራከሩን በመቶኛው ላይ ብቻ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ የሰጠው ክልሎችን የሚያገናኙትን ዋና ዋና መንገዶች ነው፤ በአንቀጽ 50 ደግሞ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። «በቂ» የሚለው ቃል ገንዘብን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን ለሕግ ባለሙያዎች እተዋለሁ፤ ከ1958 ዓ.ም. ታሪክ ግን ገንዘብ የሌለው ሥልጣን ምን እንደሚሆን አይተናል።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ ከነዳጅ የሚሰበሰበውን የጥገና ቀረጥ በማእከላዊው መንግሥትና በአውራጃዎቹ መካከል ለመከፋፈል የተነሣው ክርክር እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። የቀረጡ ምንጭም ለዘለዓለም የሚፈስ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቍጥር እየጨመረ ነው፤ ነዳጅ የማይቀዳ መኪና ደግሞ በነዳጅ ላይ የተጣለውን አይከፍልም፤ መንገዱን ግን ይረግጣል። ስለዚህ በነዳጅ ላይ ብቻ የተመሠረተ ድርሻ መጠየቅ አይበቃም። ረቂቃችሁ «የመንገድ ጥገና ገቢ፣ ምንጩ ምንም ይሁን ምን» በሚል ቃል ቢጻፍ የሚሻል ይመስለኛል።

ጨፌው ደግሞ መልሶ ይጠይቀናል፤ «እናንተስ ምን ታዋጣላችሁ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ምክር ቤታችሁ ከራሱ በጀት ውስጥ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ጥገና የሚል የራሱ መስመር አስቀድሞ ይክፈት። በዓመት አንድ ትልቅ ቱቦ ብቻ የሚያስቀብር ቢሆን እንኳ ይበቃል፤ ባዶ እጅ ይዞ ከመጠየቅ ይለያል። ርክክብ በሚደረግበት ቀንም ከመሐንዲሱ ፊርማ ጐን የቀበሌው ሽማግሌዎች ቃል እንዲሰፍር በውሳኔ አጽኑት። ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ እነርሱ ያውቃሉ፤ ለዚህ የጨፌ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከስብሰባው በፊት በነበሩት ቀናት ከወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ወጣቶች ጋር በእግርና በሞተር ብስክሌት ተዘዋውረን በቀበሌ መንገዶች ላይ ያሉትን ቱቦዎች መዝግበናል፤ ቦታው፣ ስፋቱ፣ የተደፈነ ወይም የተሰነጠቀ መሆኑ፣ ሽማግሌዎች ስለ ክረምቱ ውኃ የተናገሩትም በአራት ዓምድ ተጽፏል። መዝገቡን ለክቡር አፈ ጉባኤው አስረክቤአለሁ። በቀይ የተሰመረባቸው ከመጪው ሰኔ በፊት መለወጥ ያለባቸው ናቸው፤ ጥያቄ ያለው ካለ ገጹን እየገለጥን ልመልስ።